ላሃይና ላይ የተቃጠለው የባህል ቤት፦ መልሶ መሥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በማዊ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ላሃይና የምትባል ትንሽ የሃዋይ ከተማ አለች። ባሕሩን ተከትሎ በሚሄደው ፍሮንት ስትሪት በተባለው መንገዷ ላይ «ናአይካኔ ኦ ማዊ» የሚባል የሃዋይ ተወላጆች የባህል ማዕከል ነበረ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የማዊ ወዳጆች» እንደ ማለት ነው። መንገዱ ቱሪስት የሚርመሰመስበት ቢሆንም ማዕከሉ የቆመው ለአገሬው ሰው ነበር። የቆዩ ሰነዶች፣ ካርታዎችና ከአያት ከቅድመ አያት የተላለፉ ዕቃዎች ተሰብስበውበት ነበር። ነሐሴ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ኦገስት 8 ቀን 2023) ከተማዋን የበላው እሳት ማዕከሉንም ከነያዘው አመድ አደረገው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «ታዲያ ለምን ቶሎ አይሠሩትም?» ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ረዘም ይላል። ሳሳጥረው፣ ግድግዳና ጣሪያ ማቆም ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ተራውም መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት አፈሩ አለ፣ አፈሩ ውስጥ ያረፉት አሉ፣ ወረቀቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሰዉ አለ።

እሳቱ ከየት መጣ

ያን ቀን ዶራ የተባለች ከባድ አውሎ ነፋስ ከደሴቶቹ በስተደቡብ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ታልፍ ነበር። በስተሰሜን ደግሞ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተቀምጦ ነበር። በሁለቱ መካከል የተገፋው አየር ከምዕራብ ማዊ ተራሮች ቁልቁል ወደ ላሃይና ተወረወረ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ይደርስ ነበር። ማለዳ ላይ ከተበጠሰ የኤሌክትሪክ መስመር የተነሣ እሳት ጠፋ ተብሎ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ካደፈጠበት ተቀሰቀሰ። የማዊ እሳት አደጋ መምሪያና የፌዴራል መርማሪዎች በ2024 ያወጡት ሪፖርት የደረሰበት ድምዳሜ ይኸው ነው። 102 ሰዎች ሞቱ። ከ2,200 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። 12,000 ያህል ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ።

ነገር ግን ነፋስና ሽቦ ብቻቸውን ከተማ አይጨርሱም፤ የሚበላ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ላሃይና በድሮ ስሟ ሌሌ ትባል ነበር፤ ሃዋያውያን ሲያሞግሷት «ማሉ ኡሉ ኦ ሌሌ» ይሏታል፣ «የሌሌ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ጥላ» ማለት ነው። ፍሬው ሲበስል እንደ ዳቦ የሚበላው ይህ ትልቅ ዛፍ ሰፈሩን ሁሉ ያጠላበት ነበር፤ ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች የጎደሬ ዓይነት ሥር የሚተከልባቸውን ረግረግ ማሳዎች ያጠጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸንኮራ አገዳ እርሻ መጣና ዛፉን መነጠረው፤ የጅረቶቹንም ውኃ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ወሰደው። የከተማዋ የስኳር ፋብሪካ በ1999 ተዘጋ። ማሳው ባለቤት እንዳጣ ከብት ጦም አደረ፤ መነሻቸው አፍሪካ የሆኑ፣ ለከብት መኖ ተብለው የገቡ ረጃጅም ሣሮች ወረሱት። ክረምት ያለመልማቸዋል፣ በጋ ያደርቃቸዋል፤ ክብሪት ብቻ የሚጠብቅ ክምር ሆኑ።

ይህን ያነሣሁት የባህል ማዕከሉ ጉዳይ ከሣሩና ከውኃው ስለማይለይ ነው። ሕንፃው ነገ ቢቆም ከበላዩ ያለው ተዳፋት ደረቅ ሣር እንደ ለበሰ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን ነፋስ የሚጠብቅ ሌላ ማገዶ ተሠራ ማለት ነው። የማዊ ተወላጆች «መልሶ ግንባታ» ሲባሉ «ጅረቱስ?» ብለው የሚመልሱት ከዚህ የተነሣ ነው። የሃዋይ የውኃ ኮሚሽንም ከቃጠሎው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2022፣ የላሃይናን አካባቢ የገፀ ምድርና የከርሰ ምድር ውኃ በልዩ ፈቃድ ብቻ እንዲቀዳ ወስኖ ነበር። ክርክሩ የቆየ ነው ማለት ነው፤ እሳቱ ጮክ ብሎ እንዲሰማ አደረገው።

አፈሩ ሥር ያሉት

ላሃይና ተራ የባሕር ዳር ከተማ አልነበረችም። የሃዋይ መንግሥት ንጉሣዊ መቀመጫ ሆና ቆይታለች፤ መቀመጫው ወደ ሆኖሉሉ የዞረው በ1845 ነው። ንጉሥ ካሜሃሜሃ 3ኛ በኩሬ መካከል ባለች ሞኩኡላ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ይኖር ነበር፤ ስፍራው ነገሥታቱ የሚቀበሩበትም የተቀደሰ ቦታ ነበር። ውኃው ከምንጩ ሲጠለፍ ኩሬው ደፈረሰ፣ የትንኝ መራቢያ ሆነ፤ በ1914 በአፈር ተደፈነ፣ በላዩም የኳስ ሜዳ ተሠራ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ የዋዮላ ቤተ ክርስቲያን መቃብር አለ። የሁለት ነገሥታት እናት የሆነችው ንግሥት ኬኦፑኦላኒ ያረፈችው እዚያ ነው።

ስለዚህ በላሃይና አካፋ ማንሣት ቀላል ነገር አይደለም። በሃዋያውያን እምነት የአባቶች አጥንት፣ በእነሱ አጠራር «ኢዊ ኩፑና»፣ ኃይል የተቀመጠበት ነው። አጥንቱ በምድሩ ካረፈ ትውልዱም ከምድሩ አይነቀልም፤ አጥንቱን ማናጋት የሞተውን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያለውንም ማናጋት ነው። ድሮ ደግሞ ብዙ ሰው የሚቀበረው በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥና በየመኖሪያው አጠገብ ነበር። የትኛው ቦይ ሲቆፈር ማን እንደሚገኝ አይታወቅም።

ሕጉም ይህን ያውቃል። ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ መቃብር በሃዋይ ሕግ ጥበቃ አለው። መቃብሩ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ባለበት ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለውን የሚወስነው ለማዊና ለላናይ ደሴቶች የተቋቋመው የመቃብር ጉዳዮች ምክር ቤት ነው። በቁፋሮ ላይ ድንገት አጥንት ከተገኘ ደግሞ በዚያ ቦታ ሥራው ወዲያው ይቆማል፤ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ክፍሉ ይጠራል፣ የዘር ሐረጋቸው ከቦታው ጋር የሚያያዝ ቤተሰቦችም ይሰማሉ። ቃጠሎው የተወውን አመድና ፍርስራሽ፣ ወደ 400,000 ቶን የሚሆነውን፣ የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ኮር ሲያነሣ ባህሉን የሚያውቁ ታዛቢዎች ከማሽኖቹ አጠገብ እየቆሙ አፈሩን ይመለከቱ ነበር። የመኖሪያ ቦታዎቹ ጽዳት አንድ ዓመት ያህል ፈጀ፤ የንግድ ቦታዎቹ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ቆዩ። አመዱ ራሱም መርዝ ነው፦ ከድሮ ቀለም የወጣ እርሳስ የተባለው ብረት፣ አርሴኒክ፣ ከጣሪያና ከግድግዳ የወጣ አስቤስቶስ። በባዶ እጅ ገብቶ ዕቃን መፈለግ አይቻልም ነበር።

ይህን ሁሉ «ቢሮክራሲ ነው» ብሎ የሚያማርር ሰው አለ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የባህል ማዕከል ለመሥራት ሲባል የባህሉን መሠረት የሆኑትን ሰዎች አጥንት በኤክስካቫተር ማንሣት ከተቻለ፣ በላዩ የሚቆመው ቤት ምን ሊያስተምር ነው?

ከመቃብሩ ሌላ የቦታው ጣጣ አለ። የላሃይና የታሪክ ክልል ከ1962 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘገበ ቅርስ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ የሚሠራ ቤት ቁመቱ፣ መልኩ፣ ጣሪያው ሁሉ ይገመገማል። ፍሮንት ስትሪት ደግሞ ከባሕሩ አፍ ላይ ነው፤ ባሕሩ ከፍ እያለ ዳርቻውን እየበላ ስለሆነ የባሕር ጠረፍ ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቤቱ ከውኃው ፈቀቅ ማለት ሊኖርበት ይችላል። ቦታው ጠባብ ከሆነ ፈቀቅ የሚባልበት መሬት የለም።

ወረቀቱ

እውነቱን ለመናገር ከጠፋው ሁሉ እኔን በጣም የሚቆጨኝ ወረቀቱ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

እስከ 1848 ድረስ በሃዋይ መሬት የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት አልነበረም። በዚያ ዓመት «ማሄሌ» የተባለው ክፍፍል መሬቱን በንጉሡ፣ በመንግሥትና በመሳፍንቱ መካከል ደለደለው። ገበሬው ሲያርስ የኖረበትን ቁራሽ በስሙ ማስመዝገብ የቻለው በ1850 በወጣው የኩሌአና ሕግ ነው። ለዚህም ማመልከት፣ ምስክር ማቅረብ፣ ማስለካት ነበረበት። ብዙው ሰው ጊዜ አለፈበት ወይም ክፍያውን አልቻለም፤ በመጨረሻ ለተራው ሕዝብ የደረሰው ከጠቅላላው መሬት 1 በመቶ እንኳ አልሞላም።

«ኩሌአና» የሚለውን ቃል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም፤ ለ«ርስት» ይቀርባል። መብትም ነው፣ ኃላፊነትም ነው፤ ሰው የሚያገኘውም ከማን እንደተወለደ ቆጥሮ ነው። ታዲያ ርስት ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክርክር ሲመጣ ዘርን መቁጠር ያስፈልጋል። በሃዋይ አንድ ትልቅ ኩባንያ ወይም አልሚ «ይህ ቁራሽ የእኔ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሲሄድ፣ የድሮው ባለ ኩሌአና ተወላጆች በቀነ ገደብ ቀርበው ከ1850ዎቹ ባለ ርስት እስከ ራሳቸው ያለውን የትውልድ ሰንሰለት በሰነድ ማሳየት አለባቸው። አንድ ቀለበት ከጎደለ መሬቱ ሊሄድ ይችላል።

ሰነዱ ደግሞ በሃዋይኛ ነው የተጻፈው። ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በ1893 በመፈንቅለ መንግሥት ከዙፋን ከወረደች በኋላ፣ በ1896 የወጣ ሕግ የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጅ የአያቱን የመሬት ምስክርነት በእጁ ይዞ ማንበብ የማይችል ሆነ። ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ጎን የግዛቲቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆኖ የተመለሰው በ1978 ሕገ መንግሥታዊ ማሻሻያ ነው፤ ሕፃናት በሃዋይኛ የሚማሩባቸው መዋዕለ ሕፃናት የተከፈቱት ደግሞ በ1980ዎቹ ነው። በመካከሉ ያለው ክፍተት የሦስት ትውልድ ነው። እንግዲህ እንደ ናአይካኔ ኦ ማዊ ያለ ቤት የሚሠራው ሥራ ይህን ክፍተት መድፈን ነው፦ ወረቀቱን ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከወረቀቱ አጠገብ የሚያነብለትንና «ይሄ ስም የአያትህ ታላቅ ወንድም ነው» ብሎ የሚነግረውን ሰው ማስቀመጥ።

ታዲያ ከተቃጠለው የትኛው ይመለሳል? የተወሰነው ሌላ ቦታ ቅጂ አለው። የመሬት ምዝገባው ዋና መዝገብ በሆኖሉሉ ነው፤ የመንግሥቱ ቤተ መዛግብትና በ1889 የተመሠረተው ቢሾፕ ሙዚየምም እዚያው ናቸው። ከ1834 ጀምሮ በሃዋይኛ የታተሙ ጋዜጦች ከ100,000 ገጽ በላይ ሲሆኑ ብዙው ክፍል ፎቶው ተነሥቶ በኢንተርኔት ይገኛል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው የሃዋይኛ ጋዜጣ የታተመው እዚያው ላሃይና፣ ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ባለው የላሃይናሉና ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከቃጠሎው ተርፏል።

አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ የሚሠራው እጅ ካለ። የድንጋይ መውቀጫና መጥረቢያ በእሳት ሊሰነጠቅ ይችላል እንጂ አይቃጠልም፤ ከአመድ ውስጥ ተለቅሞ በባለሙያ ይታጠባል። የእንጨት ቅርጻቅርጽ እንደገና ይቀረጻል። ሃዋያውያን መሳፍንት ይለብሱት እንደነበረው የላባ ካባ ያለ ነገር ከተቃጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቢጫ ላባ የሚሰጡት አንዳንዶቹ ወፎች ከምድር ጠፍተዋል። ዛሬ የሚሠራው በቀለም በተነከረ የዝይ ላባ ነው፤ ሙያው ይቀጥላል፣ ዕቃው ግን አይመለስም።

የማይመለሰው ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉ ያማል፦ በአንድ ቅጂ ብቻ የነበረው። በእርሳስ የተጻፈ የቤተሰብ የትውልድ ሰንጠረዥ፣ አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን እየጠቆሙ ያስመሰከሩበት የእጅ ካርታ፣ ያልተባዛ የድምፅ ቅጂ። እንዲህ ያለው ነገር በየትኛውም የባህል ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ሲጠፋ የሚያውቀው ደግሞ ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ገንዘቡ

የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ፣ ፌማ፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ አንዳንድ ድርጅቶችን ሕንፃ ለመጠገን ወይም መልሶ ለመሥራት ይከፍላል፤ ሙዚየምና የማኅበረሰብ ማዕከል ከእነዚህ ውስጥ ይገባሉ። ግን ገንዘቡ ጠያቂው እጅ እስኪደርስ ብዙ በር አለ። ድርጅቱ ሕንፃውን የመጠገን ሕጋዊ ኃላፊነት የእሱ እንደሆነ በውል ወይም በባለቤትነት ማረጋገጫ ማሳየት አለበት፤ ውሉ ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እንደ ሆስፒታል ወይም እንደ ውኃ ያለ አስቸኳይ አገልግሎት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ከአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር ብድር መጠየቅ ይኖርበታል። መድን ከከፈለው በላይ ያለው ብቻ ይታሰብለታል። ከሁሉም የሚከፋው ሕጉ የተቃጠሉ ስብስቦችንና ዕቃዎችን መተካት የማይሸፍን መሆኑ ነው፤ የተጎዳን ዕቃ ለማዳንና ለማከም ሊከፍል ይችላል፣ የጠፋውን ግን አይተካም። መንግሥት መደርደሪያውን ይገዛ ይሆናል፤ መደርደሪያው ላይ የሚቀመጠውን ግን ማንም አይገዛውም።

የፌዴራል ገንዘብ ሲገባ ከ1966 የቅርስ ሕግ የመጣ ግዴታም አብሮ ይገባል፦ ቅርስን ሊነካ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሃዋይ ተወላጆችን ድርጅቶች ማማከር። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ለተወላጆቹ ግን በራሳቸው ቦታ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት ወንበር ነው።

ቤቱ ራሱ

እዚህ ጋ ደስ የሚል ነገር አለ። የማዊ አውራጃ የሕንፃ ደንብ «ሃሌ» ለተባለው የሃዋያውያን ባህላዊ ቤት የራሱን ክፍል ሰጥቶታል። ሃሌ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ምስማር የሌለው፣ በገመድ የተጠፈረ የእንጨት አጽም ያለው፣ ሣር የለበሰ ጎጆ ነው። ደንቡ እንጨቱ ምን ያህል ይወፍር፣ አጠፋፈሩ እንዴት ይሁን፣ ከሌላ ቤት ምን ያህል ይራቅ ብሎ ይዘረዝራል። ሣር ለባሽ ስለሆነ እሳትን በሚመለከት ጥንቃቄው ይጠብቃል፤ ከዚህ ቃጠሎ በኋላ ደግሞ ማንም ቀለል አድርጎ አያየውም።

ስለዚህ የባህል ማዕከል ሲሠራ ሁለት ዓይነት ቤት ጎን ለጎን ማሰብ የሚያዋጣ ይመስለኛል። ሰነዱ እሳት በማይበላው፣ ከባሕሩም ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ቅጂው ሌላ ደሴት ላይ ተቀምጦ፤ ትምህርቱ ደግሞ በሃሌው ሥር። ሃሌ የሚሠራው በደቦ ነው። እንጨት ቆራጩ፣ ገመድ ጠፋሪው፣ ሣር ከዳኙ ሁሉ እየሠራ ይማራል። ቤቱ ገና ሳያልቅ ትምህርት ቤት ሆኗል ማለት ነው። ኮንትራክተር ጨርሶ ቁልፍ የሚያስረክበው ሕንፃ ይህን መስጠት አይችልም።

ሰዉ

ደቦ ግን ሰፈርተኛ ይፈልጋል። በማዊ የአንድ መደበኛ ቤት ዋጋ ከቃጠሎው በፊትም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቃጠለበት ሰው በሆቴል፣ በዘመድ ቤት፣ በጊዜያዊ መጠለያ ሲንከራተት ቆይቶ ሲሰለቸው ደሴቱን ለቆ ይሄዳል። ጉዞው አዲስ አይደለም፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከሃዋይ ተወላጆች መካከል በሃዋይ የሚኖሩት 47 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ከሄዱባቸው ከተሞች አንዷ ላስ ቬጋስ ናት፤ ሃዋያውያን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል። ላስ ቬጋስ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምናልባት በሥራ ቦታው ወይም በልጁ ትምህርት ቤት ከአንድ የሃዋይ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል፤ ከአገር መራቅ ምን እንደሆነ እርስ በርስ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር በ2025 መጀመሪያ ለማዊ መልሶ ማቋቋሚያ 1.64 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድቧል፤ ትልቁ ድርሻ ለመኖሪያ ቤት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ባህሉ ተረሳ» ይላል። እኔ እንደሚገባኝ ከሆነ ይህ ራሱ የባህል ገንዘብ ነው። ሰነድ አንባቢዋ አሮጊት፣ ገመድ መጠፈር የሚያውቀው ሰው፣ ከእነሱ የሚማረው ልጅ በማዊ ቤት ካላገኙ፣ ፍሮንት ስትሪት ላይ የሚቆመው ማዕከል ለቱሪስት ፎቶ ከመሆን አያልፍም። ናአይካኔ ኦ ማዊ ራሱ ከቃጠሎው በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሙዚየሙን ከማሰቡ በፊት ለተፈናቀለው ወገኑ ዕርዳታ ወደ ማከፋፈል ገባ።

በዚህ መሀል ሕንፃ ሳይኖርም ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። የሽማግሌዎችን ቃል መቅዳት፣ ከሆኖሉሉ መዛግብት ቅጂ ማስወጣት፣ ፎቶ ያለውን ሰው ሁሉ መጠየቅ። ባለፉት ዓመታት ከላሃይና ሰነድ ኮፒ አስደርጎ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ የሄደ ቤተሰብ ቢኖር፣ ያ ኮፒ ዛሬ ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ መሳቢያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ትናንት ኮፒ ነበረ፤ ከኦገስት 8 በኋላ ግን ዋናው ሰነድ እሱ ነው።